ድምፁ የተቃጠለ ማዘርቦርድ

ኮምፒውተር ልገዛ ስነሳ ቀኝ ዓይኔ ጠፍቶ አልቆ ነበር። ግራውም ቢሆን በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት ነው፤ ፊት ለፊቴ የቆመን ሰው አፍንጫውን አያለሁ፣ ጆሮውን ፈልግ ብባል ግን አላገኘውም። ባሕር ዳር ያለችው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው አለችኝ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታው ያቆየው ይሆናል ብላ ቀስ አድርጋ ነገረችኝ። ያቆየዋል አላለችም። ያን ቀን ከባሕር ዳር እስከ ከተማችን ደብረ ታቦር ድረስ በአውቶቡሱ መስኮት በግራ ዓይኔ የመንገዱን ዛፍ ስቆጥር መጣሁ።

ይህን ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ለምን ብትሉኝ፣ ከተማችን ትንሽ ናት። ዛሬ ዓይኑ ደከመ የተባለ ሰው ነገ «እርግማን ይሆን?» ይባልበታል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከክፍል አውጥተው የመጻሕፍት መጋዘን ጠባቂ ያደርጉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አማርኛ ያስተማረ ሰው የመጋዘን ቁልፍ ይዞ ደጅ ላይ ሲጎለት ይታያችሁ! ሞቼ ነው የምገኘው። ስለዚህ ደበቅሁ። ተማሪዎቹ ድርሰታቸውን ቆመው ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረግሁና በጆሮዬ አረምኩ። ርዕሰ መምህሩ ይህን ሰምቶ በስብሰባ ላይ አዲስ የማስተማር ዘዴ ነው ብሎ አመሰገነኝ። ተጨበጨበልኝ። እኔ አፍሬ አንገቴን ብደፋ ትሑት መሰልኳቸው። የፈተናውን ወረቀት ቤት እወስድና ባለቤቴ እያነበበችልኝ፣ ነጥቡን እኔ እየነገርኳት በቀይ እስክርቢቶ ትጽፋለች።

የኮምፒውተሩን ነገር ያመጣብኝ እዚያው ዓይን ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠ ጠበቃ ነው። ሰውየው ጨርሶ አያይም። ጭኑ ላይ ያስቀመጠው ላፕቶፕ ግን አማርኛ ያነብለታል። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነው፣ ቃሉንም ይጎትተዋል፤ ግን ያነባል! «ምንድን ነው እሱ?» አልኩት። ሊኑክስ የሚባል ሲስተም መሆኑን ነገረኝ። በነፃ ይገኛል፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይሄዳል፣ የሚያነበውም ፕሮግራም አብሮት ይመጣል። ከዚያ እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

«ዓይንህ ጥቂትም ቢሆን የሚያይ ከሆነ አሁኑኑ ጀምር» አለኝ። «ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ እያየህ፣ ድምፁን እየሰማህ ጣትህን አስለምድ። እኔ ከጨለመብኝ በኋላ ነው የጀመርኩት። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ስንቴ ወርውሬው አልቅሻለሁ።» ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝና ተራው ደርሶ ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሩጫዬ ይኸው ሆነ፤ ዓይኔ ሳይዘጋ ጣቶቼን ማስተማር። ይህን ካደረግሁ ፈተና አወጣለሁ፣ እጽፋለሁ፣ አነባለሁ፣ አስተማሪ እንደሆንኩ እቀራለሁ። ካላደረግሁ መጋዘኑ አለ።

ገጠር ወንድሜ ዘንድ ያለችኝን ጊደር ሸጥኩና መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ከምትጠግን ሴት ዘንድ ሄድኩ። ድሮ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ያን ጊዜ ግን መጨረሻ ወንበር ላይ ተደብቃ ራዲዮ ስትፈታ የምትውል ነበረች፣ ስንቴ አስወጥቻታለሁ። ስታየኝ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?»

«ኮምፒውተር ፈልጌ ነው። ያ ሊኑክስ የሚሉት የሚሄድበት።»

«ኧረ! ሊኑክስ?» ሳቀች። «እዚህ ከተማ እሱን የጠየቀኝ ሰው የለም፣ አንቱ የመጀመሪያው ነዎት። ሰው ሁሉ ከሰው የተቀዳ ሲስተም ጫኚልኝ ነው የሚለኝ፣ በሳምንቱ ቫይረስ በልቶት ተሸክሞት ይመጣል። ለምን ሥራ ነው የፈለጉት ጋሼ?»

እዚህ ላይ ነው እኔ ጉዴን የሠራሁት። «ዓይኔ እየጠፋ ነው» ማለት ብቻ ነበር፤ በቃ። ምላሴን ምን ያዘው? በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ስልክ ሊያሠሩ ቆመዋል፣ አንደኛው በድምፁ የጎረቤታችን ወንድም ነው። «ለጽሑፍ» አልኳት።

«ለጽሑፍማ ቀላል ነው» አለችና ወረቀት አውጥታ ዕቃ በዕቃ እየነገረችኝ ትጽፍ ጀመር። ፕሮሰሰሩ ያገለገለ ይሁን፤ ሊኑክስ እንዲያውም ቆየት ያለ ዕቃ ይመቸዋል፣ በጣም አዲሱን አንዳንዴ አያውቀውም። ራሙ ስምንት ጊጋ፤ አራትም ይሄዳል ግን ያንገራግራል። ትልቅ ሃርድ ዲስክ አያስፈልግም፣ ትንሽ ኤስኤስዲ ይበቃል፣ ፈጣንም ነው። መብራቱን ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን እንዳይሰስቱ አለችኝ፤ የዚህ ከተማ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ስንቱን ማሽን እንደፈጀ የምታውቀው እሷ ናት። ግራፊክስ ካርድም ይቅር፣ መቼም ጋሼ ጌም አይጫወቱ። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ላይ ደረሰች። ባሕር ዳር አንድ ነጋዴ ዘንድ ጥሩ ቦርድ አለ፤ ዋጋው በግማሽ የወረደው የድምፅ መውጫው ስለተቃጠለ ብቻ ነው። ወረቀቱን ሰጠችኝ። አየት አየት አደረግሁና «ጥሩ ነው» ብዬ መለስኩላት። ወረቀቱን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው።

«ድምፅ ምን ያደርግልዎታል ጋሼ፣ ለጽሑፍ አይደል?» አለች ቀጥላ። «እሱ ላይ እናትርፍና ስክሪኑን ትልቅ እናድርገው። ትልቅ፣ ጥርት ያለ።»

እኔ ከዚያ ሁሉ ብረት የምፈልገው ድምፁን ነው፤ ስክሪን ጭራሽ ባይኖረውም ግድ የለኝም። ድምፅ ይኑረው ብል ለምን ትለኛለች። መዝሙር ልስማበት ማለት አይቻልም ነበር? ይቻል ነበር እንጂ! ዛሬ ነው የመጣልኝ። ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ባዶ ነበር፣ በሩ ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ ወሬያቸውን አቁመው የሚያዳምጡኝ መሰለኝ። «አንቺ ያልሽው ይሁን» አልኩ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ልክ እንዲህ ነው ያልኩት።

ባለቤቴ ስትሰማ እጇን በእጇ መታች። «አንተ ሰውዬ፣ የያዘህ በሽታ ነው ወይስ ሰርቀሃል? ምንድን ነው እንዲህ የምትደብቀው?» ነገ ሄጄ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ አልሄድኩም። ከነገ ወዲያም ክፍለ ጊዜ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ። በሳምንቱ ጠጋኟ ራሷ ደወለች፤ ዕቃው መጥቷል።

ይዛው መጥታ እዚሁ ቤቴ ውስጥ ገጣጠመችው። ስክሪኑ መስኮት ያክላል። ሲስተሙን ከፍላሽ ጫነች፣ ፊደሉን አተለቀችው፣ እንደገና አተለቀችው፣ «አሁንስ ይታይዎታል?» አለችኝ። «እንዴታ!» አልኩ። የሚታየኝ ነጭ ብርሃንና በመካከሉ አንድ ፊደል ነበር። አንድ ቃል ለመጨረስ አንገቴን ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነበረብኝ። እሷ እንደወጣች ለጠበቃው ደውለን፣ እሱ በስልክ እየመራ ባለቤቴ ቁልፎቹን እየተጫነች የሚያነበውን ፕሮግራም አስነሳነው፤ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲነሳም አደረግነው። በርቷል ይላል አለችኝ ባለቤቴ። ድምፅ ግን የለም። ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ፤ የሚሰማው የማራገቢያው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ብረት ሳጥን አቅፌ አለቀስኩ።

ጠበቃው አጽናናኝ። በፍላሽ ቀዳዳ የሚሰካ፣ ከጣት የማይበልጥ የድምፅ ካርድ አለ፤ ቦርዱ ቢቃጠልም እሱ ይናገርልሃል አለኝ። ደስ አለኝ! ከተማውን ባለቤቴ ዞረች፣ የለም። ባሕር ዳር አለ ተባለ። ኮምፒውተር ጠጋኟን ሴት ባዛት ደግሞ ለምን ልትል ነው፤ ስለዚህ አንድ ሹፌርን፣ ከዓይን ጠብታዬ ጋር አብሮ ገዝቶ እንዲያመጣልኝ ላክሁት። ሹፌሩ ግማሽ መንገድ ላይ ካለችው ከወረታ ተመለሰ። መንገድ ተዘግቷል። በማግስቱ ኔትወርኩም ጠፋ።

እንግዲህ መጠበቅ ነው። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ጠብታው አለቀ፤ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ብንል የለም ነው መልሱ። ባለቤቴ ጠበል አስጠመቀችኝ፣ ሄድኩ፣ ጸለይኩ፣ ጮህኩም። ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ቆሜ ጉናን እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ ጫፉ ቀረብኝ፣ ቀጥሎ ተራራው። ወደ ቤት እገባና ያን ድዳ ማሽን ከፍቼ ቁልፍ እጫናለሁ። የጻፍኩት ምን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ስክሪኑ ላይ ፊደሉን ፍለጋ አንገቴን ሳዞር ጣቴ ቦታውን ይስታል፣ ጣቴን ስመልስ ፊደሉ ይጠፋኛል። ደሜ ይፈላና ጠረጴዛውን በጡጫ እመታለሁ። ባለቤቴ ከጓዳ «እሱ ምን አደረገህ?» ትለኛለች።

በአምስተኛው ሳምንት ይሉኝታዬን ጥዬ ወደ ሱቋ ሄድኩ። ከአንዱ አሮጌ ማሽን ላይ የድምፅ ካርድ ነቅላም ቢሆን ትስጠኝ ብዬ ነው። ሰው ይኑር አይኑር አላጣራሁም፤ ገና ከበሩ «ዓይኔ ጠፍቷል» አልኩ። «ድምፁን የፈለግሁት እንዲያነብልኝ ነበር። አልነገርኩሽም።»

ቀጥሎ የሰማሁት ልቅሶ ነው።

«እኔ እኮ አውቄ ነበር ጋሼ» አለችኝ። «ያን ዕለት ወረቀቱን ገልብጠው ይዘው ነው ጥሩ ነው ያሉኝ። አስተማሪዬን ዓይንዎን ታመዋል ወይ ብዬ በምን አፌ ልጠይቅ? ስክሪኑን ያተለቅሁት ለዚያ ነው። ድምፁን የጣልኩት ለስክሪኑ ብዬ ነው።»

ወይ ጉድ! እኔ እሷን ፈርቼ፣ እሷ እኔን አክብራ፣ በመካከላችን ድምፄን ገደልነው። ልቆጣ ፈለግሁ፣ በማን ልቆጣ? አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀኝ፣ አንዲት መልስ ብመልስላት ያ ሁሉ ሳምንት የእኔ ነበር። እሷ በዚያው ቀን መደርደሪያዋን ሁሉ ገለበጠች፣ የጓደኞቿንም ሱቅ ዞረች፤ የሚገጥም አልተገኘም።

መንገዱ የተከፈተው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። በመጀመሪያው መኪና ልጆቿን ለጎረቤት ትታ ባሕር ዳር ወረደችና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በራችንን አንኳኳች። ጠብታውንም አምጥታለች። ባለቤቴ ውኃ አቅርቢ ስትባል እንኳ አልሰማችም፣ ከጎኔ ቆማ ትከሻዬን ይዛለች። ሴትዮዋ ጠረጴዛው ስር ገብታ አንድ ነገር ቀጭ አድርጋ ሰካች፣ የማሽኑን ማስነሻ ተጫነች፣ ጠበቅን።

ተናገረ። ያ ጉንፋን የያዘው ድምፅ ቤቴ ውስጥ ተናገረ! ባለቤቴ እልል አለች። እኔ በሁለት እጄ ጠረጴዛውን ጨበጥሁ፤ ደረሰልኝ አልኩ በሆዴ፣ አሁንም ጊዜ አለኝ፣ ቢያንስ ብርሃኑን አያለሁ። ከፊቴ ያው ነጭ ነገር አለ።

«ስክሪኑን አጥፊው» አልኳት። «ከእንግዲህ ድምፁ ይበቃኛል፣ ብርሃኑ ያደክመኛል።»

የባለቤቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ጠበቀ።

«ንገሪኝ እንጂ» አልኩ።

«ጋሼ» አለች፣ «ስክሪኑን እኮ ገና አላበራሁትም።»

ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የማሽኑ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ምን እንደሚያነብ አላውቅም፣ ያነባል። እጆቼን ዘርግቼ ቁልፎቹን አገኘኋቸው። ሁሉም አንድ ናቸው፣ ሁሉም ልሙጥ ናቸው።

«እሺ» አልኳት። «ሀ የት ናት?»

ጣቴን ይዛ አስቀመጠችልኝ። ተጫንኩ። «ሀ» አለ ማሽኑ።

«ይድገሙት ጋሼ» አለችኝ።