ጨው የተበተነበት ከሰል

ልጄ ወደ ትምህርቷ ከመመለሷ በፊት ስልኬን ተቀብላ፣ ቡና በየቤታቸው የሚቆሉ ሰዎች የሚጨዋወቱበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባችኝ። «እማዬ፣ አንቺ ሁሉንም ታስከነጃቸዋለሽ» አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም ነበር። አንዱ የምጣዱን ፎቶ ይልካል፤ ሌላዋ ቡናው ሲንጣጣ ድምፁን ቀድታ «ይበቃዋል ወይስ ትንሽ ላቆየው?» ትላለች። ደስ ይለኝ ነበር።

በኅዳር ግን ጉና ተራራ ግርጌ የተመደበች አንዲት አስተማሪ «ብርዱ ስለማይቻል በር ዘግቼ በከሰል እቆላለሁ። ራሴን ያመኛል፣ ምን ይሻለኛል?» ብላ ጻፈች። አንድ ሰው ወዲያው «ጨው በትኝበት፣ መርዙን ይገድለዋል» አላት። ብዙዎች አውራ ጣት ሰጡት። ደግሜ አነበብኩት።

በወጣትነቴ እኔና የአክስቴ ልጅ ጥሩዬ ደብረ ታቦር ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ ቡና እየቆላን ለሻይ ቤቶች እናደርስ ነበር። ሐምሌ ነው። ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ የተቀቀለ ድንች ሳይላጥ ይቀዘቅዛል። ጥሩዬን ብርድ መትቷት ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች። የቆላሁትን ቋጥሬ ልወጣ ስል ምድጃውን ወደ ደጅ ላወጣው አነሳሁ።

«ተይው እንጂ! ለቡናሽ ሲሆን ይነዳል፣ ለእኔ ሲሆን ይወጣል?» አለችኝ።

«ቢያፍንሽስ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ! ጨው በትኝበትና ሂጂ። በሩን ግጠሚው።»

ፈሪ መሆኔስ እውነት ነው። ግን አከራያችንም ጨው ያየ ከሰል አይጎዳም ትለን ነበር። አንድ እፍኝ በተንኩበት። ተንጣጣ፣ ከዚያ ዝም አለ። ጭስ የለው፣ ፍሙ ቀልቶ ያምራል። ስወጣ ንፋስ እንዳይገባባት ብዬ ከበሩ ሥር ጆንያ ወሸቅሁ። ለእሷ መጠንቀቄ ነበር።

ቡናውን አድርሼ ስመለስ ዶፍ ዝናብ ያዘኝ። አንድ ሱቅ ጥግ ቆሜ ቆሎ እየቆረጠምኩ እስኪያባራ ጠበቅሁ። አልቸኮልኩም። ሞቋት ተኝታለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጆንያው እንደወሸቅሁት ነበር። ጥሩዬ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራለች፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ እንቅልፍ የወሰዳት ትመስላለች። ስነካት ገላዋ እንደ እንጨት ደርቋል። ከመጮኼ በፊት ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ምድጃውን አውጥቼ ከሰሉን ጭቃው ላይ ደፋሁት።

በማግስቱ አክስቴ ከጉና በበቅሎ ደረሱ። «ልጄ ምን ሆነችብኝ?» አሉኝ።

«ብርድ መትቷት ነው፣ አክስቴ።»

ዓመታት አለፉ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ። እኔ ቤት ግን ቡና የሚቆላው ደጅ ነው፤ ዝናብ ቢጥልም ደጅ ነው። ልጄ የእናቷ አመል ይመስላታል።

ለአስተማሪዋ ፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩላት፦ «በጨው እንዳትታለይ። እኔ በትኜ እህቴ ሞታብኛለች። ምድጃውን አውጪ፣ በሩን ክፈቺ።» ልጄም ግሩፑ ውስጥ ስላለች እንደምታነበው አውቃለሁ። መልስ እስኪመጣ ስልኩን ከእጄ አላወረድኩም።

«ከፍቼዋለሁ፣ እማማ» አለችኝ አስተማሪዋ።

ለማላውቃት ሰው የነገርኩትን ለአክስቴ አልነገርኳቸውም። አርጅተዋል፣ ስልክ የላቸውም። ባለፈው ክረምት ሲገባ ራሳቸው የፈተሉትን ጋቢ በሰው እጅ ልከውልኝ ነበር። ያመጣው ሰው መልእክታቸውንም ነገረኝ፦ «ያ ብርድ አንቺንም እንዳይወስድብኝ፣ ልበሺው።»