የነጋዴው ጥርስ

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን ልታከም ወንበሩ ላይ ስጋደም ቅርንፉድ ሸተተኝ። ሐኪሟ «አይነቀልም፤ እንሞላዋለን» ስትለኝ፣ አታምኑኝም፣ እንባዬ መጣ።

እናቴ ጥርሷን ሲያማት ቅርንፉድ ነክሳ ነበር የምታድረው። ሲብስባት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ እዚያ ደግሞ ከመንቀል ሌላ ሕክምና አልነበረም። እንዲህ እንዲህ እያለ አርባ ዓመት ሳይሞላት አፏ ባዶ ቀረ። ሰው ፊት አፏን ሳትሸፍን ስቃ አታውቅም።

በከተማችን በሞላሌ አንድ ነጋዴ ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። ሰውየውም ጥርሱ አልቆ ነበር፤ እሱ ግን አዲስ አበባ ሄዶ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠርቶ መጣ። ሲሞት ሚስቱ በአርባው ልብሱን ለድሆች አደለች። ለእናቴ የደረሳት በፎጣ የተጠቀለለ ጥርሱ ነበር።

«መቼም አንቺ የለሽም፤ ያዥው» አለቻት። ክፋት አልነበረባትም፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

እናቴ በጠበል አጠበችው። አልገጥም ሲላት ቁራጭ ጧፍ በእጇ አለስልሳ ውስጡን ለበጠችው። ልክክ አለ። ዞር ብላ ፈገግ ስትልልኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ዓይኔን ከአፏ መለስኩ። ፈገግታው የነጋዴው ነበር። ስታወራም፣ እሱ ሲናገር ይሰማ የነበረው ቀጭን ፉጨት ከቃላቷ መሃል ሾልኮ ይወጣል። እሷ ምን ገዷት! ቆሎ ትቆረጥማለች፣ ከጎረቤት ጋር ትስቃለች።

ከዚያ ሚስትየው በየቀኑ ታስጠራት ጀመር። ለልብስ አልነበረም። አንድ ከሰዓት ተከትያት ሄጄ በበሩ ክፍተት አየሁ። መስኮቱን ጭጋግ ሸፍኖታል፤ እናቴ የሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እስቲ ሳቂልኝ።»

እናቴ ሳቀች።

«እንደሱ አይደለም፤ ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ብላ ሳቀች። ሴትየዋ እንባዋ እየወረደ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስለ በጎቹ ታወራላት ጀመር፤ «አንተ» እያለች። እናቴ ሳትንቀሳቀስ፣ ጥርሷን እንዳሳየች ቆየች።

ቤት ስንገባ «እማዬ፣ በቃ አውልቂው» አልኳት።

«ተይኝ ልጄ፤ እንደ ሰው የበላሁት በሱ ነው።»

ክረምቱ ሲወጣ ሴትየዋ ልጆቿ ዘንድ አዲስ አበባ ልትገባ ሆነ። ለስንብት መጥታ በራችን ላይ ፎጣ ዘረጋች። «አትቀየሚኝ፤ እሱን ትቼ መሄድ አልቻልኩም» አለች።

እናቴ ፊቷን አዙራ አወለቀችው፤ አጥባ ሰጠቻት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ስትል ቃሉ ድዷ ላይ ተኮላተፈ።

ሴትየዋ ከሄደች በኋላ እናቴ መስታወት ይዛ ደጃፉ ላይ ብዙ ተቀመጠች።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ድሮ፣ የራሴ ጥርስ ሳለ፣ ሳቄ እንዴት ነበር?»

ብዙ አሰብኩ። የሚመጣልኝ የሰውየው ፈገግታ ብቻ ነበር።

«ያምር ነበር» አልኳት።

አመነችኝ መሰለኝ፤ መስታወቱን ጭኗ ላይ ደፋችው።