ከጀሪካኑ ላይ የላጥኩት ሥዕል

እኔ ተቆጪ ሰው ነኝ። ዛሬም ነኝ፤ ያኔ ግን ብሶብኝ ነበር። መርሳ ላይ በእርሻ ጽሕፈት ቤት ታይፕ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ የሰፈሩ ሴቶች ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣችልሽ» ይባባሉ ነበር። የወባ ሠራተኞች ከረጩት የተረፈውን ዲዲቲ ለምነው በጨርቅ ቋጥረው ያስቀምጡና፣ ልጆቻቸውን ቅማል ሲያስቸግራቸው ጸጉራቸው ላይ እንደ ዱቄት ይነሰንሱታል። እኔ ደግሞ ያንን ካየሁ ማለፍ አልችልም። «አንቺ ሴትዮ፣ ይኼ ልጅ እኮ እጁን የሚወስደው ወደ አፉ ነው» እላለሁ። «ኧረ ተይን፣ እኛም በሱው ነው ያደግን» ይሉኛል። ይስቁብኛልም። እንግዲህ ስለ ሌላ ሰው ልጅ እንደዚያ ስጮህ የኖርኩት ሴትዮ በገዛ ልጄ ላይ ያደረግኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ነበረች። አባቷ የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ካለ ተመስገን ነው። ቢሮ ስገባ የምተዋት ከግድግዳችን ማዶ ከሚኖሩ አሮጊት ዘንድ ነበር። እኔ የወልድያ ክርስቲያን፣ እሳቸው የሀብሩ እስላም፤ «እማማ» ነው የምላቸው። ልጆቻቸውን ድረው ጨርሰው ከአንዲት ላም ጋር ብቻቸውን ነበሩ። ልጄን ማለዳ ሳስረክባቸው «ቢስሚላህ» ብለው ያዝላሉ፤ ስመለስ ሆዷ ሞልቶ፣ ፊቷ ታጥቦ ትጠብቀኛለች። ስለ ድካማቸው አንድ ነገር ላደርግ ስሞክር «ልጅ ተይዞ ይከፈላል እንዴ? ወላሂ እቀየምሻለሁ» ይሉኝ ነበር።

ወተት የሚያስቀምጡባት አንዲት ቅል ነበረቻቸው። ከማጠን ብዛት የጠቆረች፣ ገና ከደጅ ወይራ ወይራ የምትሸት። እማማ ወተትን በዋዛ አያዩትም። ዕቃውን በአመድ ይፈትጋሉ፣ ያለቀልቃሉ፣ ከዚያ የወይራ ስንጥር አጭሰው አፉን ደፍተው ያጥኑታል፤ ጭሱ የገባበት ዕቃ ለሳቸው ጠሀራ ነው፣ የጸዳ ነው። አንድ ቀን ያቺ ቅል ተሰነጠቀች። እማማ ቤተ ዘመድ የሞተባቸው ያህል ነው ያዘኑት። እኔ ደግሞ፣ በቃ፣ አሁን ውለታቸውን የምመልስበት ቀዳዳ አገኘሁ አልኩ።

በዚያ ክረምት ተምች ገብቶ ማሽላውን ይዞት ነበር። ለገበሬ ማኅበራቱ የሚረጨው መድኃኒት የመጣው በነጭ የፕላስቲክ ጀሪካን ነው፤ እጀታው የሚመች፣ ክዳኑ ግጥም የሚል። ያ ዘመን ፕላስቲክ እንደ ልብ የሚገኝበት አልነበረም። ጀሪካን ያለው ቤት በሰፈር ይታወቃል፤ ለሠርግ ሁሉ ይዋሱታል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲያልቅ ባዶው ለሠራተኛ በዕጣ ይታደል ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም። በዚያን ጊዜ ወጣልኝ።

ጀሪካኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ላይ የሰው ራስ ቅል፣ ከሥሩም ሁለት የተጠላለፉ አጥንቶች ተሥለዋል። አይቼዋለሁ። አላየሁም ብል እግዜርም ይታዘበኛል። ያሰብኩት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ይኼን ይዞ አሮጊት ቤት መግባት ሟርት ነው፣ ነውር ነው አልኩ። ለሞት ቀርበዋል እንደማለት ነው፤ ማን ስጦታ ላይ አጥንት ሥሎ ይሰጣል? ውሃ አፍልቼ ወረቀቱን አራስኩት፣ በቢላዋ ፋቅኩት፣ የቀረውን ሙጫ በላምባ አሸሁት። ውስጡንም በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ለዓይን የሚያምር ሆነ። ሽታው ግን አልለቀቀም፤ አፍንጫ ሰርስሮ የሚገባ ሽታ ነው።

«እማማ፣ ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ ውሃ ይሁንዎት» ብዬ ሰጠኋቸው። ሽታ ስላለው ለመጠጥ አይሆንም ብዬም ነግሬአቸዋለሁ። መርዝ የሚል ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። ስጦታ እየሰጡ መርዝ ማለት ከብዶኝ ነው። እሳቸው ጀሪካኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው መረቁኝ፣ ልጄን መረቁልኝ፣ እናቴን ሳያውቋት መረቋት።

ከሳምንት በኋላ ከቀትር በፊት ታይፕ እየመታሁ ሳለ አንዲት ጎረቤት እየሮጠች መጣች። «ልጅሽ» ብቻ ነው ያለችኝ። ነጠላዬንም ሳላነሳ ወጣሁ።

ልጄ እማማ ጭን ላይ ተኝታለች። ለሃጯ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ልብሷ በላብ ርሷል። የዓይኗ ብሌን የጤፍ ፍሬ አክሏል። የእጇ ሥጋ ብቻውን ይርገበገባል። ጎትቼ ሳቅፋት አስመለሳት፣ ደረቴ ላይ። ወተት ነው፤ ወይራ ወይራ ይሸታል። በዚያ ሰዓት ያንን ሽታ ሸትቼ ተጽናናሁ፤ ንጹሕ ነገር ነው የጠጣችው አልኩ። 

እማማ «አብሽሪ ልጄ፣ ዓይን ነው የነካት። ውሃ ላይ ቁርአን ቀርቼላታለሁ፣ ኢንሻአላህ ይለቃታል» ይሉኛል። ልጅቱን ነጥቄ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ልጅ እግር ነው፣ ግን ነቄ ነበር። በባትሪ ዓይኗን አየ። «ምን ጠጣች?» አለኝ። ወተት አልኩት። «ይኼ የወተት ዓይን አይደለም» አለ። «የሚያስፈልጋት መርፌ እኔ ዘንድ የለም። ጊዜ አታጥፊ፣ ወልድያ ድረሺ።» ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ራሱ አስፋልት ዳር ወጥቶ መኪና ያስቆም ጀመር።

ከውርጌሳ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አስገባኝ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ ነዳው። ግን ኬላ አለ። ኬላው ላይ መታወቂያና የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል፤ እኔ ያለችኝ ልጄ ብቻ ነች። ወታደሩ ልጄን አየ፣ አዘነም፤ «አዛዡ ካላየ ገመዱን ላወርድ አልችልም» አለ። አዛዡ ምሳ ሄዷል። ተቀምጬ ደረቷ ሲያፏጭ እሰማለሁ። እኔ፣ በመርሳ ገበያ መሀል የማላውቀውን ሰው የማሳጣው ምላሰኛ፣ አንድ ቃል አጣሁ። ብጮህ ይብስብናል ብዬ ፈራሁ። ያ ዘመን ሰው በጩኸቱ የሚጠፋበት ነበር። አዛዡ ጥርሱን እየፋቀ መጣ፣ በመስኮት አየን፣ ገመዱ ወረደ።

ወልድያ ሆስፒታል ሐኪሙ ገና እንዳያት ሠራተኞቹን ጠራ። መርፌውን እየወጋት ይጠይቀኛል። ቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት አለ ወይ? የለም። አባቷ ገበሬ ነው? አይደለም። ወተቱ የተቀመጠው በምንድን ነው?

«በቅል» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያበቃ የቅሏ ስንጥቅ ታየኝ። ከዚያ ጀሪካኑ ታየኝ።  ሐኪሙ ፊቴን አይቶ «በቅል አይደለም፣ አይደል?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ ውሃ አለች። ዳነች ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። «የአሁኑን አልፋለች፤ የወደፊቱን እኔም አላውቅልሽም» አለኝ። ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ልጅ እያለች ከእኩዮቿ ዘግይታ ነው አፏን የፈታችው፤ ከዚያ ይሁን ከተፈጥሮዋ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ስትደናቀፍ እንኳ ልቤ ወደዚያ ጀሪካን ይሄዳል።

መርሳ እንደተመለስኩ መጀመሪያ የሄድኩት እማማ ቤት ነው፣ ምስማርና ድንጋይ ይዤ። ጀሪካኑ ከግድግዳው ላይ፣ የቅሏ ቦታ ላይ ተሰቅሏል። አፉ በጭስ ጠቁሯል።

«ለውዱእ ነው ያልኩዎት» አልኳቸው።

«ለውዱእማ ማንቆርቆሪያ አለኝ» አሉኝ። «ያንቺን የመሰለ ስጦታ እግር ላጥብበት? ለልጅቱ ወተት ነው ያዋልኩት። ሽታ አለው ብለሽኝ የለ? ሁለት ቀን በአመድ ፈተግኩት፣ ሦስቴ አጠንኩት። አሽቺው እስቲ፣ ምን ይሸታል?»

አሸተትኩት። ወይራ ነው የሚሸት። ያ አፍንጫ የሚሰረስረው ሽታ የለም፤ ልጄን ከመርዙ ሊያስጥላት ይችል የነበረው ሽታ እሱ ብቻ ነበር።

«መርዝ ነው እማማ፣ የተምች መርዝ የነበረበት ነው። ጭስ አያወጣውም።»

«መርዝ ቢሆን አንቺ ትሰጪኝ ነበር?» አሉኝ። አሽሙር አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ከዚያ ጀሪካኑ ውስጥ የተረፈውን እርጎ በዋንጫ ቀድተው ዓይኔ እያየ ጨለጡት። «ይኸው፣ እኔ በየቀኑ እጠጣለሁ፣ አልሃምዱሊላህ። ልጅቱን ዓይን ነው ያገኛት።» ስለ ላጥኩት ሥዕል ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። መሬት ላይ አስተኝቼ ጀሪካኑን በምስማር ቂጡን በሳሁት። እማማ አልከለከሉኝም። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የሰጡትን መልሶ ማጥፋት በኛ አገር የጠላት ሥራ ነው።

በማግሥቱ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። የቀሩት ጀሪካኖች ሳይታደሉ ይበሱ አልኩት። የሰፈሩን ሕፃናት ቆጠርኩለት፤ በዕጣ የወሰዱት ሰዎች ቅቤ ሲያደርጉበት፣ ዘይት ሲያደርጉበት ገበያ ላይ አይቻለሁ አልኩት። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። በሩን ዘግቶ ድምፁን ቀነሰ። «የመንግሥት ንብረት በምስማር ወጋ ብባል ምን እንደሚከተለኝ ታውቂያለሽ። አሻጥር ነው የሚሉት። ማስጠንቀቂያው ደግሞ ተላልፏል።» ከፋይል አንድ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። ባዶ ዕቃዎች ለምግብና ለመጠጥ እንዳይውሉ ይላል። ከግርጌው በትንንሽ ፊደል የጸሐፊዋ ስም ምልክት አለ። የኔው ነው። ካርቦን እያስገባሁ፣ በስድስት ኮፒ የመታሁት እኔ ነኝ። ታይፕ የምትመታ ሰው ፊደሉን ነው የምታየው፣ ነገሩን አታይም። ወረቀቱን መልሼለት ወጣሁ።

ወር ሳይሞላ ከጓሮ ሳልፍ እማማ ጀሪካኑን ደፍተው ሲያጥኑት አየሁ። ፕላስቲክ ጫማ የሚጠግነው ሰውዬ በጋለ ብረት አቅልጦ ቀዳዳዋን ደፍኖላቸዋል። አዩኝና ፈገግ አሉ። «አልጣልኩትም» አሉኝ፤ የሚያስደስተኝ መስሏቸው። አይጠቀሙበት ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺ ይሉኛል፣ እሺታቸው የአክብሮት ነው። ልጄን ከዚያ በኋላ ይዤአት ቢሮ እገባ ነበር፣ ጠረጴዛዬ ሥር ትጫወታለች። ኃላፊው ሲያጉረመርም ዝውውር ጠየቅኩ፤ ወደ ወልድያ ፈቀዱልኝ።

የሄድን ቀን እማማ አውቶቡሱ ድረስ መጡ። ጀርባቸው ላይ ሕፃን አዝለዋል። ቢሮአችን አዲስ የተቀጠረችው የሒሳብ ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ዓመት የሞላው አይመስለኝም። በእጃቸው ጀሪካኑን ይዘዋል። በመስኮት ጣሳ ተቀበሉኝና ወተት ሞሉልኝ፣ ለልጅቱ ለመንገድ። ልጄ እጇን ዘረጋች። «አልሰጥሽም» አልኳት፣ አለቀሰች። እማማ «ስጫት እንጂ» እያሉ ከታች ይለምኑኛል። ስንነሳ እጃቸውን አነሱ፣ ሕፃኑ ጀርባቸው ላይ አንቀላፍቶ ነበር።

ሲሪንቃ አካባቢ ወተቱን በመስኮት ደፋሁት። ባዶውን ጣሳ ስይዝ ነው አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው፦ «ጀሪካኑን ለመታሰቢያ ይስጡኝ» ብላቸው ኖሮ ይሰጡኝ ነበር። ምስማር አያስፈልገኝም፣ ክርክር አያስፈልገኝም፣ ይስጡኝ ማለት ብቻ። እየመረቁ ይሰጡኝ ነበር። ሾፌሩን አቁምልኝ ማለት እችል ነበር፤ ወደ መርሳ የሚመለስ መኪና ሞልቷል። ልጄ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበርና ላስነሳት አልፈለግኩም፣ ወደ ወልድያ ቀጠልን።