የሦስት ሰው ፍቅር እና ማስጠንቀቂያው

ካርቱም፣ ማዮ ሰፈር ሳለሁ፣ የምንወደውን የቴሌቪዥን ድራማ ታሪክ በራሴ መንገድ እየቀጠልኩ የድራማው ወዳጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን በጻፍኩት ክፍል ዋናዋ ልጅ የሚፎካከሩባትን ሁለቱንም ወንዶች ወደደች፤ ሦስቱም ተስማምተው አንድ ቤት ገቡ።

ግሩፑ ተቀወጠ። ገሚሱ "ሐራም ነው፣ አጥፊው!" ሲል ገሚሱ "ቆንጆ ነው፤ ግን ከላይ ማስጠንቀቂያ ጻፊበት" አለ። ደሜ ፈላ። ወንዱ ሁለት ሴት ሲይዝ ማስጠንቀቂያ የጠየቀ አለ?

አብራኝ የምትኖረውን የወሎ ልጅ "እስቲ አንቺ ፍረጂ" አልኳት።

"ጻፊበት እንጂ" አለችኝ። "ባሌ እኔን ሲያገባኝ ሌላ ሚስት እንዳለችው ማንም አልነገረኝም።"

ከላይ "ሦስቱም ይዋደዳሉ፤ የተታለለ የለም" ብዬ ጻፍኩና አሳየኋት።

"ያላ፣ በይ አንብቢልኝ" አለች፤ "አሁን አውቄ ነው የምገባበት።"