የማንም አባት ሥራ

ሦስት ልጆች በሻይ ሣጥን ክዳን ላይ የተጫወቱት ጨዋታ መተረክ ይገባዋል? እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ትናንት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሁመር የሚባለውን የቆላ ኮምጣጣ መጥጣ ጠንካራ ፍሬውን መዳፌ ላይ ከጣለችልኝ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ደብተር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ፍሬውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አገላብጣለሁ።

የሰሊጥ እርሻ ባለባት ቆላ መንደር ኮኪት ልጆች ሳለን የሁመር ፍሬ አንድ ጎኑን ድንጋይ ላይ ፍቀን እናነጣና ዕጣ እንጥልበት ነበር። ክዳኑ ላይ እርሻውንና ወደ ሸሕዲ ከተማ የሚወስደውን መንገድ በከሰል የምትስለው የባለሱቁ ልጅ ዘይነብ ነበረች፤ የሚገጥመንን የምትተርከውም እሷው ናት፤ ነጭ ሲወጣ ይቀናናል፣ ጥቁር ሲወጣ መከራ ይመጣል። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራት፤ ማንም የአባቱን ሥራ አይጫወትም። ስለዚህ ከጎጃም ለአጨዳ የመጡት የቀን ሠራተኛ ልጅ ሙላት የመንግሥት እርሻው ኃላፊ ሆኖ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል፤ እኔ የትራክተር ነጂው ልጅ አጫጅ ሆኜ እጎነበሳለሁ። ክፍል ውስጥ ስሜን ስጠየቅ እንኳ የሚተሳሰረው ምላሴ በሌላ ሰው ቦታ ሆኜ ስናገር ይፈታልኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት ጥቁር ወጣና ዘይነብ አጫጇን በወባ ጣለቻት።

«ጌታው፣ ትራክተሩ ላይ ጫኑኝ፤ ልጅ አለኝ» አልሁ፣ አንዴም ሳልደናቀፍ።

ሙላት ደረቱን ነፍቶ፣ «ሰሊጡ ይረግፋል፤ ትጠብቅ» አለ፤ ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ። ለካ አባቱ በወባ ተኝተው ኖሯል፤ የደገመው እውነተኛው ኃላፊ በጠዋት ትራክተር ሲለምናቸው የመለሱለትን ቃል ነበር።

ሲመሽ አባቴ ፊት ቆምሁ። ያለፈቃድ ትራክተር ማንቀሳቀስ ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ። ምላሴ ተያዘ፤ ተያዘና የአጫጇን ቃል አገኘሁት።

«አባባ፣ የሙላትን አባት ጫኗቸው፤ ልጅ አላቸው።»

አባቴ የታጠቡትን እጃቸውን ደጋግመው አደረቁ፤ ከዚያ የናፍታውን ጀሪካን አነሡ።

የሙላት አባት ሸሕዲ ክሊኒክ ሰንብተው ዳኑ፤ አባቴ ግን በቅጣት ከትራክተሩ መሪ ተነሥተው መጋዘን ውስጥ የሰሊጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆኑ። ዘይነብ ሕጓን አልረሳችም፤ «እንግዲህ የቀን ሠራተኛ መሆን አትችይም፤ ትራክተሩን አንቺ ንጂው» ብላ ፍሬዎቹን አስጨበጠችኝ። ሳልጥላቸው ሠራተኞቹን ወደ ደጋ የሚመልሰው መኪና ጥሩንባውን ነፋ፤ ሙላትም ሮጠ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ቆሜ እናገራለሁ፤ ምላሴን የፈቱልኝ ዘይነብና ሙላት የት እንዳሉ አላውቅም። ጨዋታው በኅዳር 1975 ዓ.ም. እዚያው ቆመ።