የእሸቴ ዳዊትና የሳምንቱ ጠላቶች

የእኅቴ ባል እሸቴ ወላይታ ውስጥ በበዴሳ ገበያ እህል ይነግድ ነበር፤ ዋና ሥራው ግን ጠላት ማፍራት ነው። ምቀኛ አይበሉኝና፣ በዚህ በኩል ተሳክቶለታል።

ዳዊት ሲደገም ለየዕለቱ የተከፈለ ድርሻ አለው። እሸቴ ያንን ድርሻ እርግማን አድርጎ ለጎረቤቶቹ አደላቸው። ሰኞ፣ ሚዛኑን ለተጠራጠረው ለቦልቴ ደረሰ። ረቡዕ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞት የተቀመጠው የኤርካሎ ነው። ሐሙስ ደግሞ የጦና፤ ላሙ አጥር ጥሳ ገብታ የእሸቴን እንሰት በልታለች። ጦና ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ ቢመጣ፣ አጅሬ በር አልከፈተም። ክሱን ለሰማይ ችሎት አስተላልፏላ! እሑድ ብቻ ያርፋል፤ እሱም ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አዲስ ጠላት ስለሚያገኝ ነው።

ጠዋት ጠዋት አጥር ሥር ቆሞ ፊቱን ወደ ባለተራው ቤት ያዞራል። መጀመሪያ በግዕዝ ይደግማል፤ ቀጥሎ ባለተራው እንዲገባው በአማርኛ። ጦና የሚሲዮን ክርስቲያን ስለሆነ፣ እሸቴ እግዜር የእሱንም ጸሎት ይሰማል ብሎ አያስብም። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው፣ እግዚአብሔር በሰማይ ሆኖ በጠላቶቹ ይስቃል የሚለውን ነበር። ማንን እያየ እንደሚስቅ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም። እኅቴ ሰገነት፣ ነገ የሰው ያለህ ማለታችን አይቀርም እያለች ብትለምነው አልሰማትም።

በ1955 ክረምት ሰገነት ምጥ ጠናባት። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና አይገባም፤ ሐኪም ያለው ሶዶ ነው። በቃሬዛ ካልሄደች እኅቴ መሞቷ ነው። ቃሬዛ ትከሻ ይፈልጋል፤ የመንደሩ ትከሻ ደግሞ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተረግሟል። እሸቴ ሰው ፊት መቆም አፈረ። እኔ እያለቀስኩ ጦና ቤት ሄድኩ። ጦና ሰኞንና ረቡዕን ጠርቶ መጣ፤ ቃሬዛውንም ራሱ አሰረው። አራተኛው ትከሻ የእሸቴ ሆነ።

አቀበቱ ላይ ዝናብ ያዘን። ከፊት የተሸከመው ጦና ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «አቶ እሸቴ፣ ክንዴ እንዲሰበር በየሐሙሱ የሚደግሙትን እሰማለሁ። እባክዎ፣ እስከ ሶዶ ድረስ ብቻ ይታገሱኝ» አለው።

ቦልቴ ሳቁ አመለጠው። ወዲያው የሰገነት ጩኸት ቆመ፤ ያስደነገጠን ይኸው ነው። ፊቷን ብዳስሰው ቀዝቅዟል። እሸቴ፣ ጸልይላት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ ብዬ ጮኽኩበት።

ዳዊትን እንደ ውኃ የሚጠጣው ሰውዬ አፉን ከፈተ። አጥንት የሚያደቀው መዝሙር መጣለት። ተወና ሌላ ጀመረ፤ ዘራቸውን ከምድር አጥፋ የሚለው መጣ። የገዛ ልጁ ከፊቱ በቃሬዛ ላይ፣ በእናቱ ሆድ ውስጥ ነው። ቀና ብሎ ከፊት ያለውን ጦናን አየ።

«ጦና፣ አንተ ጸልይላት» አለ። «እኔ የጠላት እንጂ የሚስት አላውቅም።»

ጦና እየተራመደ በወላይትኛ ጸለየ። እሸቴ በየመሐሉ አሜን ይል ነበር፤ እንባውን የሚጠርግበት እጅ እንኳ አልነበረውም።

ሰገነት ተረፈች። ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። ጉድጓዱን የቆፈሩት ጦናና ቦልቴ ናቸው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ እሸቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይህን በማን ላይ ልድገም?» አለኝ።