አባባ ያዛመዳቸው

ባሌ ዘሪሁን ከሞተ በኋላ ቁም ሣጥኑን ለመክፈት ወራት ፈጀብኝ። ልብሱን ለሚፈልግ ሰው እንድሰጥ የመከሩኝን ሁሉ "ቆይ፣ እደርስበታለሁ" እያልኩ አሳለፍኩ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤዛ እዚሁ ዳላስ አጠገብ ካለችው ከፍሪስኮ መጣችና እኔ ያልደፈርኩትን በር ከፈተችው። ከአባቷ ሸሚዞች ኋላ አንድ ቡናማ ወፍራም ኮት ጎትታ አወጣች።

"ማሚ፣ ይሄ የማነው? ዳዲ ይሄን ሲለብስ አይቼ አላውቅም።"

ተቀብያት አሸተትኩት። ከላይ የናፍታሊን፣ ከሥር ደግሞ በስሱ የቤንዚን ሽታ አለው። የአባባ ታክሲ ሽታ ነው።

ልጅ እያለሁ ይህ ኮት ባለቤት አልነበረውም። ምሥራቅ ዳላስ ውስጥ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነበር የምንኖረው። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ታክሲ ይነዳል፤ ኮቱንም መኪናው ኋላ አጣጥፎ ያስቀምጠው ነበር። ቴክሳስ ሁልጊዜ ሙቅ የሚመስለው አዲስ መጤ በጥር ብርድ በስስ ሸሚዝ ሲወርድ፣ አባባ አስቀድሞ ኮቱን ያለብሰዋል። ቀጥሎ ይጠይቀዋል። "የማን ልጅ ነህ? አያትህስ? በእናትህ በኩልስ?" እያለ ትውልድ በትውልድ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እጁን ያጨበጭብና "በል ዘመዴ ነህ!" ይላል። ሰውየውም እኛ ቤት ያድራል።

እትዬ ወርቅነሽ የአባባ የአክስት ልጅ የሆነችው እንዲህ ነው። ጋሽ ተፈራም በእናት በኩል የተገኘው እንዲሁ ነው። እኛ ልጆቹ በጠራራ ፀሐይ መኪና ማቆሚያው ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሥለን ስንዘል፣ አንድ አዲስ ዘመድ ከታክሲው ይወርዳል። አብረውን የሚጫወቱት የሜክሲኮና የላኦስ ልጆች "ይሄም ያጎትሽ ልጅ ነው?" እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ግን ግማሹ ቴክሳስ የአባባ ዘመድ ይመስለኝ ነበር።

ዘሪሁን የመጣው መንገዱ በረዶ ሆኖ ትምህርት ቤት የተዘጋ ቀን ነው። ስለዚህ አባባ እኔንም ይዞኝ ሄዶ ነበር። የዘሪሁን አባት ጋሽ በላይ ሻንጣ መቀበያው አጠገብ ልጁን በእጁ ይዞ ቆሞ፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያያል። አባባ ኮቱን ለልጁ አለበሰው። ጫፉ ወለሉን ጠረገ።

"ቄስ መሰልክ!" ብዬ ሳቅኩበት።

ኮሌታው ውስጥ ሰምጦ ቀና ብሎ አየኝና "ብርድ ከገባሽ ነይ ግቢ፤ ለሁለት ይበቃል" አለኝ።

አባባ ቆጠራውን ጀምሮ ነበር። "ቅድመ አያትህ የቅድመ አያቴ ወንድም ነዋ! እንዴት ዝም ትለኛለህ፣ አንተ ዘመዴ!" ብሎ ጋሽ በላይን አቀፈው። ትልቅ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ሲያለቅስ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ካደግን በኋላ እኔና ዘሪሁን ተዋደድን። ለመናገር ፈራን፤ በእኛ ወግ ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። በመጨረሻ ስነግራቸው እማዬ መቀመጫዋ ላይ ዘፍ አለች። "የሥጋ ዘመድሽን? ምን ጉድ ነው!" አባባ ባልዲ አንሥቶ ወጣና ዝናብ እየዘነበ ታክሲውን ማጠብ ጀመረ። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ሁሉ ነገር አለቀ ብዬ አለቀስኩ።

አባባ ከእጁ ውሃ እየተንጠባጠበ ተመለሰ።

"አንዛመድም" አለ።

"ምን አልክ?" አለች እማዬ።

"ፈጥሬ ነው። የበላይን ቅድመ አያት ስም እዚያው ነው የሰማሁት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የሚያውቀው ፊት ሲፈልግ አየሁት። ሰው የለህም ልበለው?"

"አንተ ሰውዬ! ወርቅነሽስ?"

"እሷም ያው ናት።"

"ተፈራስ?"

"ተፈራማ አገሩንም በደንብ አላውቀው።"

የቀረን ጋሽ በላይ ነበር። ቅር ይለዋል ብለን እየፈራን ቤቱ ሄድን። አባባ አንገቱን ደፍቶ ሲነግረው ግን ሰውየው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

"እኔማ ያኔውኑ አውቄያለሁ! ቅድመ አያቴ ወንድም የለውም፤ ለእናቱ አንድ ነበር። ታዲያ ዘመዴ ብሎ ያቀፈኝን ሰው ተሳስተሃል ልበለው?"

በዚያው ዓመት ተጋባን፤ አባባም ኮቱን ለዘሪሁን ሰጠው።

ይህን ሁሉ ለቤዛ የነገርኳት ምግብ ጠረጴዛው ላይ የዘር ሐረጋችንን የምትሥልበት ትልቅ ወረቀት ዘርግታ ስለነበር ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ የቤተሰባችንን ሥር መፈለግ ይዛለች፤ ቴክሳስ መጀመሪያ ማን መጣ፣ ማን ማንን ተከተለ እያለች። ታሪኩን ሰምታ ሳቀች። ከዚያ ላጲስ አነሣች።

"ሶ፣ አንቲ ወርቄ ዘመዳችን አይደለችም ማለት ነው? ጋሽ ተፈራም? ኦኬ፣ እነሱን ነጠብጣብ መስመር አደርጋቸዋለሁ።"

መስመሮቹን አጥፍታ ነጠብጣቡን ሥላ ስትጨርስ "አባትሽ የሞተ ሳምንት በዚህ ቤት ማን ነበር የሚያበስለው?" አልኳት።

"አንቲ ወርቄ።"

"የሬሳ ሣጥኑን ከፊት የያዘውስ?"

"የጋሽ ተፈራ ልጅ።"

ቤዛ እርሳሷን አነሣች። ከዚያ ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ እያገናኘች መስመሩን አጠቆረችው።

ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለው ከኧርቪንግ ቤቴ መስኮት አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው ሲወርዱ አያለሁ። የሚመጣው ሰው የዳላስን ብርድ ገና ሳይነሣ በስልኩ አይቶ ጃኬት ይዞ ይመጣል፤ በር ላይ ዘመዶቹ ፊኛ ይዘው ይጠብቁታል። ደስ ይለኛል። አባባ ቢኖር ሥራ ይፈታ ነበር። ለእኔ ግን ያ ሥራው ባል ሰጥቶኛል፤ ባሌን ስቀብርም ብቻዬን አልተወኝም። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር፤ ስለ ፈጠራው ሁሉ አመሰግነዋለሁ።

ያን ቅዳሜ ሲመሽ ቤዛ ኮቱን ደርባ ወረቀቷ ላይ እንዳቀረቀረች ነበር። ሻዬን ይዤ አጠገቧ ስቀመጥ ቀና ብላ አየችኝ።

"ማሚ፣ በረደሽ?"

መልሴን አልጠበቀችም። የኮቱን አንድ ጎን ከፈተችልኝ፤ ገባሁ።